አራቱ ጥዶች በአግባቡ ሲገረዙ

ደብረ ብርሃን ላይ ጥላ ፈልጎ የሚቀመጥ ሰው ካያችሁ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ትኩሳት ይዞታል። እኛ ፀሐይ አሳዳጆች ነን። ጠዋት ግድግዳ ተደግፈን ፊታችንን ወደ ምሥራቅ፣ ከሰዓት ወንበራችንን አዙረን ወደ ምዕራብ። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የአክስቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጥቶ ይኼንን ሲያይ፣ እናንተ ሰዎች የሱፍ አበባ ናችሁ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ማታ ግን ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ሦስተኛ ጠየቀኝ።

ታዲያ በዚህ አገር ዛፍ ለምን ይተከላል? ለጥላ እንዳልሆነ ተግባባን። ለነፋስ ነው። የእኛ ነፋስ እንደ ሌላው አገር ነፋስ ሰላም ብሎ አያልፍም፤ ገብቶ ይቀመጣል። ጋቢ ቢደርቡ በጋቢው ሥር፣ ካፖርት ቢለብሱ በእጅጌው። ይኼንን በወሬ አይደለም የምነግራችሁ። ጋቢና ብርድ ልብስ ሻጭ ነኝ፤ እንጀራዬ ነው።

ሱቄ ያለችው ከጋሽ ጥላሁን ሕንፃ ሥር ነው። ጋሽ ጥላሁን አከራያችን ነው። ደግ ሰው ነው፣ መዋሸት አልችልም። ጎረቤት ለቅሶ ሲደርስበት ድንኳኑን ቀድሞ የሚያመጣ እሱ ነው። አንድ አመል ብቻ አለው፤ ‹‹በአግባቡ›› የምትል ቃል። ደረጃው በአግባቡ ይጠረግ። መኪና በአግባቡ ይቁም። እንዲያውም አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ አልቃሿን፣ በአግባቡ አልቅሺ እንጂ ብሏታል ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ ግን አምናለሁ።

ከሕንፃው ፊት፣ በአውራ ጎዳናው በኩል፣ አራት ጥዶች ነበሩ። ‹‹ነበሩ›› ማለቴን ልብ በሉልኝ። የተከሏቸው የጋሽ ጥላሁን እናት ናቸው፤ ሕንፃው ሳይታሰብ፣ ቦታው ጭቃ ቤት ሳለ። ነፋሱ የሚመጣው ከመንገዱ በኩል ነው፣ ፀሐዩ የሚገባው ከግቢው በኩል። ስለዚህ ከጥዶቹ ጀርባ ያለችው ጥግ በከተማው ሁሉ የምታስቀና ሙቅ ቦታ ነበረች። እዚያ ላይ በለጡ ሻይ ትሸጣለች። አግዳሚ ወንበሮች፣ የከሰል ምድጃ፣ ሰፌድ ሙሉ የተቆላ ባቄላ፤ በቃ ንብረቷ ይኼው ነው። ባሏን ከቀበረች ወዲህ የምትኖረው በዚያች ጥግ ነው። ጥጓ ብትጠፋባት መሄጃዋ አሊዩ አምባ የምትነግደው እህቷ ዘንድ ነው። የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ መኖር ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በለጡ እህቷን ልትጠይቅ አንድ ሳምንት ወርዳ፣ በወባ ተንቀጥቅጣ ነው የተመለሰችው።

መዘዙ የመጣው ከታፔላ ነው። ጋሽ ጥላሁን ሕንፃው አናት ላይ ትልቅ ታፔላ አሰቀለ። ‹‹ጥላሁን የገበያ ማዕከል›› ይላል። ‹‹ጥላሁን›› የምትለዋ አህያ የምታክል ሆና፣ የቀረችው ጫፉ ላይ በደቃቁ ተጽፋለች። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ሊያነበው ቢሄድ ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ጥዶቹ ሸፍነውታል። የምትታየው የመጨረሻዋ ቁራጭ ብቻ ናት፦ ‹‹ከል››።

አስቡት እንግዲህ። የዓመታት ልፋቱን አናት ላይ ሰቅሎ፣ አላፊ አግዳሚው የሚያነበው ‹‹ከል››። ሰው የሐዘን ልብስ የሚሸጥበት ቤት መሰለው። አንዲት ሴትዮ እኔው ሱቅ ገብታ ጥቁር ነጠላ ጠይቃኛለች። የለም ብላት፣ ታዲያ ለምን ጽፋችሁ ትሰቅላላችሁ ብላ ተቆጥታ ወጣች።

ጋሽ ጥላሁን በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ደርሶ ተመለሰ። አንድ ወዳጁ ሆቴል ደጃፍ ዛፎች እንደ ሙሽራ ተከርክመው አይቷል። አንዱ ድቡልቡል፣ አንዱ እንደ ጃንጥላ። ምንድን ነው ይኼ ቢል፣ ዛፍ መግረዝ ነው፣ ሙያ አለው አሉት። ሙያ አለው ሲባል ልቡ ሸፈተ። ማግስቱን በገዛ እጁ ማስታወቂያ ጻፈ። ‹‹በአግባቡ የሚገርዝ ባለሙያ እንፈልጋለን።›› የሚለጠፈው ጥዱ ላይ አይደል? ዛፍ ላይ ለጥፎ ‹‹ዛፍ›› ብሎ መጻፍ ምን ያደርጋል ብሎ እሷን ተዋት።

ነፋሱን ነግሬያችኋለሁ። በማግስቱ ወረቀቷን ከጥዱ ነጥቆ ጓሮ ጣላት። ዘበኛው ደግሞ ትጉህ ነው፤ አንሥቶ፣ አራግፎ፣ ነፋስ የማያገኛት ቦታ ዋናው በር ላይ ለጠፋት። በር ላይ ስትነበብ ምን እንደምትመስል እናንተው አንብቧት።

በመጀመሪያ የመጣችው ከቀበሌ አንዲት ሴት ናት። ፊቷ ጥቁር ብሏል። የሴት ልጅ ግርዛት በግልጽ ማስታወቂያ ተጀመረ ብላ ነው፤ ሴትዮዋ እውነቷን ነው፣ መጠየቅ አለባት። ስንት ናቸው የሚገረዙት ብትለው፣ ጋሽ ጥላሁን አራት ናቸው አላት። ዕድሜያቸውስ? ሠላሳ ሳያልፋቸው አይቀርም። ፈቃዳቸውንስ ጠይቀዋል ስትለው ቱግ አለ። ደጄ ላይ የቆሙ የእኔ ናቸው፣ የማንን ፈቃድ ነው የምጠይቀው አለ። ስልኳን ስታወጣ እኔ ሮጬ ደረስኩና ጥዶቹን በጣቴ አሳየኋት። አራቱንም አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ በለጡ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ‹‹ዛፍ›› የምትለዋን ቃል እዚያው በብዕሯ ጨምራ ሄደች።

ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ወሬው አንኮበር ደርሷል። በገበያ ቀን አንድ ሽማግሌ፣ ኮሮጆ ያነገቱ፣ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። አባባ መኩሪያ ይባላሉ። ገራዥ የሚፈለገው እዚህ ነው ወይ አሉ። ከአንኮበር እስከ አሊዩ አምባ ክርስቲያኑንም እስላሙንም የገረዝኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ሕፃን ሁሉ ጤና ጣቢያ እየተወሰደ ሥራው ቀዘቀዘ እንጂ እጄ አልቀዘቀዘም አሉ።

ይኼን ጊዜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ። እጃቸውን አየሁና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

የማን ልጅ ነህ አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝና፣ ‹‹አስታወስኩህ። ብዙ አልጮህክም›› አሉኝ። በለጡ ያን ቀን የጀመረችውን ሳቅ እስከ ዛሬ አልጨረሰችውም። ደንበኛ ፊት ሁሉ፣ እሱ እኮ ብዙ አልጮኸም ትለኛለች።

ነገሩ ዛፍ ነው ብለን ስንነግራቸው አባባ መኩሪያ አልደነገጡም። መግረዝ መግረዝ ነው አሉ። ጋሽ ጥላሁንም ሌላ የመጣለት ባለሙያ የለ፤ ሽማግሌውንም ያን ሁሉ መንገድ በብርድ መጥተው ባዶ እጃቸውን መመለስ ከበደው። መሰላል ቀረበ። አባባ መኩሪያ እያንዳንዱን ጥድ ከመንካታቸው በፊት ‹‹አይዞህ›› ይሉታል። በለጡ ከሥር ሆና፣ አባባ ለማን ነው የሚሉት ብትላቸው፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው አሉ። ሲመሽ አራቱም ጥዶች አናታቸው ላይ ክንድ የምታህል ተቆርጣ፣ ኮፍያቸውን የተነጠቁ ሰዎች መስለው ቆሙ። ቆንጆ ነበር አልላችሁም። ግን ነበሩ።

ዳር ያለው ጥድ አጠር ያለ ነበርና፣ በእሱ በኩል ‹‹ማዕከል›› ሙሉው ታየ። ቢያንስ ከሐዘን ወጣን። ዋናዋ ‹‹ጥላሁን›› ግን እንደተሸፈነች ነች። ጋሽ ጥላሁን ከመንገድ ማዶ ሆኖ፣ ዝቅ ያድርጉት፣ ገና ዝቅ ያድርጉት እያለ ይጮሃል። አባባ መኩሪያ ከመሰላሉ ወርደው ምላጭና መጋዛቸውን ጠረጉ።

‹‹ጌታው፣ ከጫፍ አልፎ የሚቆርጥ ገራዥ አይባልም›› አሉና ኮሮጇቸውን አነገቱ።

በለጡ ይኼኔ ዕድል ያገኘች መሰላት። ሻይ ቀድታ ለጋሽ ጥላሁን አቀረበችለትና ረጋ ብላ፣ ‹‹ጋሼ፣ ታፔላውን ዝቅ ብናደርገውስ? ዛፍ ከሚወርድ ስም ቢወርድ አይሻልም?›› አለችው።

‹‹የሰው ስም ይወርዳል እንዴ በለጡ?›› አላት። ሻዩን ሳይጠጣው ሄደ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁና ፍረዱ። እኛ ባህር ዛፍ ያሳደገን ሰዎች ነን። ቤታችን ባህር ዛፍ፣ ማገዷችን ባህር ዛፍ፣ ልጅ የምንድረው ባህር ዛፍ ሸጠን። ባህር ዛፍ ደግሞ ከቁርጭምጭሚቱ ብትቆርጠው ይስቅብሃል፤ በዓመቱ ሦስት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ለእኛ ዛፍ ማለት ሲቆርጡት የሚበዛ ነገር ነው። ጥድስ? ጥድ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። እዚያ ገብቶ መጥረቢያ የሚያነሣ ማን ወንድ ነው? በዚህ ምክንያት ጥድ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው በከተማው የለም። ስላከበርነው አላወቅነውም።

ጋሽ ጥላሁን የደረሰበት መላ ይኼ ነበር። ጥዶቹ ከሥራቸው ይቆረጣሉ። ስሙ ይታያል። ከጉቶው ሦስት ሦስት ሆነው ያቆጠቁጣሉ። ያኔ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በአግባቡ እየተገረዙ ያድጋሉ። ሲያወራው እኮ ያምራል! ግማሹ ተከራይ እውነቱን ነው አለ። እኔ ተጠራጥሬ፣ እስቲ ሰው እንጠይቅ ብል፣ አንተ ደግሞ ያኔ ያልጮህከውን አሁን ትጮሃለህ ወይ ተባልኩ። የሽማግሌው ነገር ከተማውን አዳርሶታል።

የምታውቀው በለጡ ብቻ ነበረች። የቄስ ልጅ ናት። አባቷ በሚያገለግሉበት ደብር መብረቅ የጣለው ጥድ ነበር፤ ጉቶው እሷ አድጋ እስክታገባ ድረስ መቀመጫ ከመሆን በቀር አንዲት ቅጠል አላወጣም። ይኼንን ለጋሽ ጥላሁን ነገረችው። ‹‹ጋሼ፣ ጥድ እኮ አያቆጠቁጥም›› አለችው።

‹‹እሱ መብረቅ ነው። በአግባቡ አልተቆረጠም›› አላት።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።

የሞተር መጋዝ ያላቸው ሰዎች ከሰላ ድንጋይ በኩል መጡ። ባህር ዛፍ ሲጥሉ የኖሩ ናቸው፤ እጃቸው ፈጣን ነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አራቱም መሬት ነበሩ። ግቢው በጥድ ሽታ ታወደ። ያናደደኝም እሱ ነው፤ እየሞቱ እንኳ ጥሩ ይሸታሉ። በለጡ ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ ታጥባለች። የታጠበውን ደግማ ታጥባለች። አንጀቴን በላችኝ። አንድ ቁም ነገር ልናገር ብዬ ሄጄ፣ ያገኘሁት አይዞሽ የሚል ብቻ ነበር። ያኔ አባባ መኩሪያ ትዝ አሉኝ፤ እሳቸውስ ከመቆረጡ በፊት ነው አይዞህ የሚሉት።

ታፔላው ታየ። መታየትስ ታየ። ጋሽ ጥላሁን ሰሞኑን መንገድ እየተሻገረ የገዛ ስሙን ሲያነብ ከረመ። ሰው እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጉቶዎቹን ጎንበስ ብሎ ያያል። ውኃ ያጠጣል። ፍግ አስመጣ። አንድ ቀን ሁላችንንም እየተጣራ ሰበሰበን። አንደኛው ጉቶ ሥር አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። አላልኩም ነበር አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅሮ ነበር ብላችሁ እመኑኝ። እርስ በርስ ተያየን። በመጨረሻ በለጡ ጎንበስ ብላ ቅጠሏን በጣቷ ዳሰሰቻትና፣ ጋሼ ይቺ ባቄላ ናት አለችው። ከሰፌዷ ሳትቆላ ያመለጠች ባቄላ። ጋሽ ጥላሁን አንድ ጊዜ ሰፌዱን፣ አንድ ጊዜ ቅጠሏን አየ። ቢሆንም ውኃዋን በአግባቡ አጠጣት።

ከዚያ ኅዳር ገባ፣ ውርጩ መጣ፣ ነፋሱም ዘመዱን አስከትሎ መጣ። አሁን የሚያቆመው የለም። ከመንገድ ተነሥቶ ቀጥታ በለጡ ምድጃ ላይ ያርፋል። አመዱን አንሥቶ ሻይ ውስጥ ይጨምራል፣ ባቄላውን ከሰፌድ ይበትናል። ደንበኛ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ይጠጣና ይሄዳል፤ በኋላ ጭራሹን መምጣቱን ተወ። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ከዚያ ነፋስ የተጠቀምኩ እኔ ብቻ ነኝ። ሻይ ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ጋቢ ገዝቶ ይሄዳል። ይኼንን ለበለጡ እንዳትነግሩብኝ፤ የሸጥኩ ቁጥር ደስም ይለኛል፣ ያሳፍረኛልም። ለእሷም አንድ ጋቢ አለበስኳት፤ ጋቢ ግን ደንበኛ አይመልስም።

አንድ ቀን ከጥምቀት በኋላ እወርዳለሁ አለችኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኋትም። አሊዩ አምባ እህቷ ቦታ አዘጋጅታላታለች። ወባውስ ብላት፣ ወባ ቢያንስ መድኃኒት አለው፣ የጋሽ ጥላሁን ነፋስ ግን መድኃኒት የለውም አለችኝ። ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ምድጃዋን እንኳ ለማን እንደምትሰጥ አስባ ነበር።

የገና በዓል ሲቃረብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሰማይ የተቀደደ ነው የመሰለኝ። ስወጣ ታፔላው የለም። ጥዶቹ ሲጋርዱት የኖሩት ነፋስ ያን ስፋት ያለው ቆርቆሮ እንደ ሸራ ነፍቶ፣ ከነብረቱ ነቅሎ አውርዶታል። እግዜር ይመስገን ሰው አልነካም። የወደቀው የት መሰላችሁ? በለጡ ጥግ፣ ጉቶዎቹ ላይ። ‹‹ጥላሁን›› የምትለዋ እንደቆመች ጉቶዎቹን ተደግፋ፣ ‹‹የገበያ ማዕከል›› የሚለው ጫፍ ተጨማዶ ወደ አግዳሚው ታጥፏል።

የሚገርማችሁ፣ ከበስተኋላው ነፋስ አልነበረም። በለጡ መጀመሪያ እጇን ዘረጋች። ከዚያ ምድጃዋን አስጠጋች። ከሰሉ ፍም ሆነ። ምንም ሳትናገር አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ ጎትታ አመጣች።

አባባ መኩሪያ ያን ሰሞን ለገና ዶሮ ሊሸጡ መጥተው ኖሮ፣ ሻይ ሊጠጡ ጎራ አሉ። የታጠፈችው ጫፍ መግቢያ ዘግታለች። የቆርቆሮ መቀስ ከጎረቤት አስመጡና ‹‹አይዞህ›› ብለው ቆረጧት። ጫፏን ብቻ። ጠርዙን በድንጋይ ደበደቡና አለሰለሱት። ተቀምጠው ሲያዩት እኔም አየሁት። ታፔላው ላይ የቀረችው አንዲት ቃል ናት።

ደንበኛ ሁሉ ተመለሰ። ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል ሲሉ፣ ቆርቆሮም እንደሚሆን አልነገሩንም። አሁን ሰው ሲቀጣጠር የት እንገናኝ ሲባባል፣ ጥላሁን ሥር ይላል። በለጡ ጥምቀትን እዚሁ ዋለች። ለእህቷ ልካ የነበረችውን ሰፌድም አስመለሰች።

ጋሽ ጥላሁን ለረጅም ጊዜ በጓሮ በር ሲገባና ሲወጣ ሰነበተ። በለጡን ታፔላዬን መልሺ ይላታል ብለን ፈርተን ነበር። አንድ ውርጭ ያነጣው ጠዋት ግን ጋቢውን ተከናንቦ መጣ፤ ጋቢው ከእኔው የተገዛ ነው። ቆሞ አየ። እናቱ የተከሏቸውን ጉቶዎች አየ፣ እናቱ ያወጡለትን ስም አየ። ጎንበስ ብሎ ከስሙ ሥር ተቀመጠና ሻይ ስጪኝ አለ። ይኼኛውን ሊጠጣው ነው የመጣው።

በለጡ ቀዳችለት። እሷ መቼም ዝም ማለት አታውቅ፣ ‹‹ስምን መልአክ ያወጣዋል ጋሼ›› አለችው።

እኔም አፌን መያዝ አቃተኝ። ‹‹መልአክ ያወጣዋል፣ ነፋስ ያወርደዋል›› አልኩ።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሻዩን ፉት አለ። እጁን ዘርግቶ ነፋሱን ቢፈልገው አጣው። ‹‹በአግባቡ ነው ያወረደው›› አለ።